ዝንቧ ስኳሩን ቀምሳ ለምን ዝም አለች?

«ተማሪዎቼ የፍራፍሬ ዝንቦችን እግር በስኳር ውኃ ሲነኩ ከፊሎቹ ለመብላት ኩምቢያቸውን (የመምጠጫ አፋቸውን) ዘረጉ፤ ከፊሎቹ ግን ዝም አሉ። ችግሩ ከስኳሩ ነው ወይስ ከዝንቦቹ?» ብለው ለጠየቁት መምህር፤ እዚህ ጅማ ይህንኑ ሙከራ ከተማሪዎች ጋር ደጋግሜ ስለሠራሁት የማውቀውን ላካፍል። ስኳሩን ከመጠርጠርዎ በፊት የዝንቦቹን ረሃብ ይመርምሩ።

ዝንቧ ጣዕም የምትለየው በአፏ ብቻ አይደለም። በኩምቢዋ ጫፍ፣ በእግሮቿና በክንፏ ጠርዝ ላይ ጫፋቸው ቀዳዳ ያላቸው ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ፤ በውስጣቸው ያሉት የነርቭ ሴሎችም ሥራ ተከፋፍለው ከፊሉ ለጣፋጭ፣ ከፊሉ ለመራራ፣ ሌላው ለውኃ ወይም ለጨው ምላሽ ይሰጣሉ። የኩምቢው መልእክት በቀጥታ ከጉሮሮ ቱቦው ሥር ወዳለው የአንጎል ክፍል ይገባል፤ የእግሩ ደግሞ በደረቷ ውስጥ ባለው የነርቭ ገመድ በኩል ዞሮ ወደዚያው ይደርሳል። ኩምቢውን የሚያነሳውን ጡንቻ የሚያዘው የነርቭ ሴልም እዚያው ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው የአንዲት ሴት ዝንብ ሙሉ የአንጎል ካርታ ከ139,000 በላይ የነርቭ ሴሎች ተመዝግበዋል፤ በዚያ ካርታ ላይ በተሠራ የኮምፒውተር ሞዴል የጣፋጭ ሴሎች ሲቀሰቀሱ ምልክቱ በመካከለኛ ሴሎች አልፎ ይህንኑ አዛዥ ሴል እንደሚያነቃው ታይቷል።

ይሁን እንጂ መስመሩ ስለተዘረጋ ብቻ ዝንቧ አትበላም። ስትራብ በአንጎሏ የሚለቀቀው ዶፓሚን የተባለ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የጣፋጭ ሴሎችን ምልክት ስለሚያጎላው፣ ጠግባ ሳለች የናቀችውን ቀጭን የስኳር ውኃ ትቀበላለች፤ ረሃቡ ሲጠናባት ደግሞ ለመራራ ያላት ጥንቃቄ ይላላል። እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ በአንጎሏ ውስጥ በደሟ ያለውን ፍሩክቶስ (የፍራፍሬ ስኳር) የሚለኩ ሴሎች መኖራቸው ነው፤ እነዚሁ ሴሎች ስትራብ መብላቱን ያበረታታሉ፣ ስትጠግብ ያስቆማሉ። ስለዚህ ዝም ያሉት ዝንቦችዎ ሙዛቸውን በልተው የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ዝንቦቹን ከምግባቸው ለይተው ለአንድ ቀን ያህል እርጥብ ጥጥ ባለበት ብልቃጥ ያቆዩአቸው። ጥጡ እንዳይደርቅ፤ የተጠማች ዝንብ ለንጹሕ ውኃም ኩምቢዋን ስለምትዘረጋ ውጤቱን ያምታታብዎታል። በዚህ ምክንያት መጀመሪያ ንጹሕ ውኃ ያቅርቡላት፤ ጠጥታ ስትተው ብቻ ወደ ስኳሩ ይለፉ። በበረዶ አደንዝዘው ከሆነ ያሰሯቸው፣ በደንብ እስኪነቁ ይታገሱ።

ለእኛ አገር ተማሪ የሚጥመው ሙከራ ግን የቡናው ነው። ያንኑ የስኳር መጠን በወፍራም ቡና ውስጥ ሲያሟሙት፣ ኩምቢዋ ጥቂት ወጥቶ ሲሰበሰብ ብዙ ጊዜ አይተናል። ካፌይን የመራራ ሴሎችን ስለሚቀሰቅስ፣ ከእነርሱ የሚመጣው ምልክት የመብላቱን ትእዛዝ ያፍነዋል። ብቻ የሚያወዳድሯቸው ዝንቦች እኩል ሰዓት የተራቡ ይሁኑ፤ ረሃብ የጠናባት ቡናውንም ልትጠጣው ትችላለች።