ብዙ ለማትነዳ መኪና አረቦን ከየት ይቀነሳል?

ጥያቄዎ ይህ ነው፦ ኮድ 2 ቪትዝ አለችዎት፤ በሳምንት ሁለቴ ጅማ ውስጥ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ እስከ አጋሮ ትወጣለች፤ ሌላውን ጊዜ ግቢ ቆማ ትውላለች። የዘንድሮው አረቦን (ለኢንሹራንሱ በዓመት የሚከፍሉት) ስለከበደዎት ሶስተኛ ወገን (በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት የሚከፍለውን) ብቻ ልያዝ ወይስ የመኪናዋን ዋጋ ዝቅ አድርጌ ሙሉ ኢንሹራንስ ልግባ ብለዋል።

ዋጋ ዝቅ ማድረጉን በፍጹም አይሞክሩት። ከሁሉ የሚጎዳው እሱ ነው። መኪናዋ በገበያ 1,500,000 ብር የምታወጣ ሆና በ750,000 ብር ቢያስገቧት፣ አረቦኑ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ነገር ግን 200,000 ብር የሚያስወጣ ግጭት ሲደርስ የኢንሹራንስ ድርጅቱ ጉዳቱንም በግማሽ ያሰላል፤ ሂሳቡ 100,000 ይሆንና ከዚያም ላይ ተቀናሹ (ከካሳው ላይ እርስዎ የሚሸከሙት ድርሻ) ይነሳል። ብዙ ሰው «እስከ 750,000 ድረስ ያለውን ሙሉ ይከፍሉኛል» ብሎ ያስባል፤ ውሉ የሚለው ግን እንደዚያ አይደለም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመኪና ዋጋ ስለጨመረ፣ የድሮውን ዋጋ ሳይነካ የሚያድስ ሰውም ሳያውቀው እዚሁ ችግር ውስጥ ይገባል። በሌላ በኩል ከገበያ በላይ ማስገባትም ትርፍ የለውም፤ የሚከፈለው በአደጋው ቀን በነበረው ዋጋ ነው። ስለዚህ ከማደስዎ በፊት የሁለት ሦስት ደላሎችን ዋጋ ይጠይቁና መካከለኛውን ያስመዝግቡ።

ሶስተኛ ወገን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ መኪና አልፎ አልፎ ቢወጣም ስቲከሩ አይቀርም። ታሪፉም በመንግሥት የተወሰነ ስለሆነ ከድርጅት ድርጅት ቢዞሩ የሚያተርፉት የለም። እሱን ብቻ መያዝ የሚችለው መኪናው ነገ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል ሌላ መግዣ ያለው ሰው ነው። ለራስዎ መኪና አንድ ሳንቲም አይከፍልም። መካከለኛ መንገድ ከፈለጉ ሶስተኛ ወገንን ከእሳትና ከስርቆት ጋር የሚሸጥ ውል እንዳለ ይጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለምትቆም መኪና ይህ በጣም ይስማማል።

አረቦኑ የሚሰላው በመኪናው ዋጋ፣ ዓይነት፣ ዕድሜና አገልግሎት ነው እንጂ በኪሎ ሜትር ስላልሆነ፣ «ብዙ አልነዳም» ማለት ብቻውን ቅናሽ አያስገኝም። ትንሽ መንዳት የሚቀንሰው በመርካቶ መንገድ ባጃጅ የሚያደርሰውን ዓይነት ጭረትና ግጭት ነው፤ ስርቆትንና እሳትን አይቀንስም። ስለዚህ ትንሹን ጉዳት እርስዎ ተሸክመው ትልቁን ለድርጅቱ ይተዉ። ይህም የሚሆነው ተቀናሹን (ኤክሰሱን) ከፍ በማድረግ ነው። «ተቀናሹን በእጥፍ ብወስድ አረቦኑ ስንት ይሆናል?» ብለው በቁጥር ያስጽፉ፤ ካልጠየቁ ማንም አይነግርዎትም። በዓመት የሚያተርፉት ከተጨመረው ተቀናሽ ሩብ እንኳ ካልሞላ ግን አያዋጣም፣ ይተዉት።

ሁለተኛው ትልቅ ቁጠባ ቦነሱ ነው፤ ካሳ ሳይጠይቁ ባለፉ ቁጥር የሚያድገው ቅናሽ። ለምሳሌ አረቦኑ 30,000 ብር፣ ቅናሹም 30 በመቶ ከሆነ በዓመት 9,000 ብር ይተርፋል። 12,000 ብር ለሚፈጅ የፓራውልት (ባምፐር) ቀለም ካሳ ቢጠይቁና ተቀናሹ 5,000 ቢሆን፣ እጅዎ የሚገባው 7,000 ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚያጡት ደግሞ 9,000። እንዲህ ያለውን በኪስዎ ያሠሩ። ሌላ ሰው ከተጎዳ ወይም ንብረቱ ከተነካ ግን ትንሽ ቢመስልም ለፖሊስና ለድርጅቱ ወዲያውኑ ያሳውቁ። ድርጅት ሲቀይሩ ካሳ አለመጠየቅዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀድሞው ይውሰዱ፤ ያለዚያ ቦነሱ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል።

«ክረምቱን ስለማልነዳ ላቋርጠው» የሚሉም አሉ። በመሃል የሚያቋርጥ ሰው የቀረውን ወር ልክ አያገኝም፤ የአጭር ጊዜ ታሪፍ ከፍ ተደርጎ ይቆረጥበታል። ውሉ እንዲያልፍበት የተወ ደግሞ ሲመለስ እንደ አዲስ ምርመራና አዲስ ዋጋ ይጠብቀዋል።

ከተጨማሪ ሽፋኖች ውስጥ የማይፈልጉትን ያስወጡ። ብቻዎን የሚነዱ ከሆነ የተሳፋሪውን ሽፋን መጠን ይከልሱ። የመጎተቻ ክፍያውን ግን አይንኩ፤ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ግቤ ላይ መኪናዋ ተበላሽታ ብትቆም፣ ድርጅቱ ለመጎተቻ እስከ ስንት እንደሚከፍል ማወቅ ያለው ጥቅም ያኔ ይታይዎታል። የስፖኪዮ ወይም የባትሪ ስርቆት ይካተት እንደሆነ ለይተው ይጠይቁ፤ ብዙ ውል ሙሉ መኪናው ሲሰረቅ ብቻ ነው የሚከፍለው። ለረጅም ጊዜ በመቆም የሞተ ባትሪና አይጥ የበላው ሽቦ ደግሞ በአብዛኛው ሽፋን ውስጥ አይገቡም።

ካሳ የሚያስከለክሉ ሁለት ነገሮች በቆመች መኪና ላይ ይበዛሉ። አንደኛው፣ ሞተሯን እንዲያሞቅ ወይም ወደ እጥበት እንዲወስዳት ቁልፉ መንጃ ፈቃድ ለሌለው ዘበኛ ወይም ጎረቤት ልጅ መሰጠቱ ነው። ሁለተኛው፣ በግል አገልግሎት ተመዝግባ ሳለ በመኸር ጊዜ ቡና በክፍያ መጫኗ ወይም ሰው ማመላለሷ። እንዲያ የሚያደርጉ ከሆነ አስቀድመው ያስመዝግቡ።

ዋጋ ለማወዳደር ከሦስት ድርጅት በጽሑፍ ይውሰዱ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት የመኪና ዋጋ፣ ተቀናሽና ተጨማሪ ሽፋን ይስጧቸው። አለበለዚያ ርካሽ የመሰለው የጎደለው ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህንንም ውሉ ከማለቁ ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው ይጀምሩት፤ ሊብሬና የቦነስ ደብዳቤ ፎቶኮፒ ይያዙ፣ ድርጅቱ መኪናዋን በአካል ማየት ሊፈልግ ስለሚችልም አጥበው ያዘጋጇት።