በአንድ ጉዞ መጽሐፍና ቢራ

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር የዕረፍት ጊዜያችንን አውሮፓ ውስጥ ትናንሽ የቢራ መጥመቂያዎችን፣ የመጻሕፍት መደብሮችንና ለየት ያሉ ዕቃዎች የሚሸጡባቸውን ሱቆች እያየን ለማሳለፍ ተስማምተናል። ይሁን እንጂ እኔ መጻሕፍት መደብር ከገባሁ ቶሎ አልወጣም፤ እሱም ከጠማቂ ጋር ወሬ ከጀመረ የቀኑን ዕቅድ ይረሳዋል። ከዚህ ቀደም ብዙ ቦታ በአንድ ቀን ለማዳረስ ሞክረን ተኮራርፈን ተመልሰናል። ለሁለታችንም የሚመች ቦታ የት ነው? ቀኑንስ እንዴት ብንከፋፍለው ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለታችሁም የምትወዱትን ነገር በእርጋታ ማየት የምትወዱ ሰዎች ስለሆናችሁ፣ መቀነስ ያለበት የምትጎበኟቸው ቦታዎች ብዛት ነው እንጂ በየቦታው የምትቆዩበት ጊዜ አይደለም። ለአንድ ቀን አንድ መጥመቂያና አንድ ወይም ሁለት የመጻሕፍት መደብር ይበቃችኋል።

ቦታን በተመለከተ ምርጫዬ ቤልጂየም ናት። በደቡባዊው የአርደን ደጋማ አካባቢ ረዱ የምትባል መንደር አለች፤ ከ1984 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ስለሰፈሩባት የመጻሕፍት መንደር ተብላ ትታወቃለች። ከእሷ ብዙም ሳይርቅ በመነኮሳቱ ቢራ የታወቀው የሮሽፎር ገዳም ይገኛል። ለመጻሕፍት ብቻ ከሆነ ግን በዌልስ ያለችውን ሄይ ኦን ዋይን የሚያህል የለም። ሪቻርድ ቡዝ የተባለው መጻሕፍት ነጋዴ በ1960ዎቹ ከተማዋን በአሮጌ መጻሕፍት ሞላት፤ በ1977 ደግሞ ራሱን የሄይ ንጉሥ ብሎ አወጀ። እዚያ ባለው ጥንታዊ ግንብ ግቢ ውስጥ ደጅ ላይ የተደረደሩ፣ ሻጭ የሌላቸው መደርደሪያዎች አሉ፤ ገዢው የወደደውን መርጦ ገንዘቡን በሣጥን ውስጥ ይጨምራል። ለየት ያለ ሱቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ስለ መጥመቂያዎቹ አስቀድማችሁ ማወቅ ያለባችሁ ዋና ነገር፣ ስማቸው የገነነው ሁሉ ለጎብኚ ክፍት አለመሆናቸውን ነው። ለምሳሌ ቤልጂየም ውስጥ ያለው የቬስትቭሌተረን ገዳም መጥመቂያውን አያስጎበኝም፤ ቢራው የሚጠጣው ፊት ለፊት ባለው ካፌ ነው። ባለቤትዎ አጠማመቁን በቅርብ ማየት ከፈለጉ ግን ብራስልስ ወደሚገኘው፣ በ1900 ወደተመሠረተው ካንቲዮን መጥመቂያ ቢሄዱ ይረካሉ። እዚያ ከብቅልና ከስንዴ የተዘጋጀው ትኩስ ጭማቂ ከጣሪያው ሥር ባለ ሰፊ፣ ጥልቀት የሌለው የመዳብ ገንዳ ላይ ተዘርግቶ ያድራል፤ በአየር ውስጥ ያለው የዱር እርሾ በራሱ ይገባበታል፤ ከዚያም በእንጨት በርሜል ውስጥ እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል። ይህ የሚሠራው ሌሊቱ በሚቀዘቅዝባቸው ወራት ስለሆነ፣ ጠመቃውን ራሱን ማየት የሚፈልግ ሰው ሞቃታማ በሆነው የአውሮፓ በጋ ባይሄድ ይመረጣል።

በሌሎች ትናንሽ መጥመቂያዎችም ሥራው የሚጀመረው በአብዛኛው በማለዳ ነው። የተፈጨው ብቅል በ65 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ከዚያም ጭማቂው ተጣርቶ ሆፕስ ከተባለው ቢራውን ከሚያመርረው ተክል ጋር አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈላል። ስለዚህ ደውላችሁ የጠመቃውን ቀን ጠይቁና ያን ቀን ጠዋቱን ለባለቤትዎ ይተዉላቸው። በቀሩት ቀናት ጠዋቱ የእርስዎ ይሁን፤ ቢራው ወደ ማምሻው ይቆይ። በጠዋት የተቀመሰ ቢራ ከሰዓት በኋላ ያለውን የመደርደሪያ ፍተሻ ያደበዝዛል፤ ይህን አቅልላችሁ አትዩት። ስትቀምሱም በትንሽ ብርጭቆ ከቀላሉ ጀምራችሁ ወደ መራራውና ወደ ጠንካራው እለፉ። የሮሽፎር 10 ቁጥር ቢራ የአልኮል መጠኑ 11.3 በመቶ ስለሆነ በእሱ የጀመረ ሰው ከዚያ በኋላ የሚቀርብለትን ቀላል ቢራ ጣዕም አይለይም። ማደሪያችሁን በእግር ከሚደረስበት ቦታ ያዙ፤ መኪና የግድ ከሆነ ደግሞ ነጂው የዚያን ቀን ፈጽሞ አይቅመስ።

መጻሕፍት መደብር ውስጥ ግን ብትለያዩ እመክራለሁ። እርስዎ መደርደሪያ ሲያገላብጡ ባለቤትዎ በር ላይ ቆመው ሰዓት የሚያዩ ከሆነ የሁለታችሁም ደስታ ይበላሻል። የምትገናኙበትን ሰዓትና ቦታ ቁረጡና እሳቸው በዚያ ጊዜ የአካባቢውን ሱቆች ይዙሩ። ያረጀ መጽሐፍ ሲመርጡ ሽፋኑ ከገጾቹ ጋር የሚያያዝበትን መገጣጠሚያ በዝግታ ከፍተው ይዩት፤ እዚያ የላላ መጽሐፍ ቶሎ ይፈታል። ገጹንም ያሽትቱት፤ የሻጋታ ሽታ ያለውን፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ፣ ከሌሎቹ መጻሕፍትዎ ጋር አያስቀምጡ።

ለየት ያሉትን ሱቆች በተመለከተ ዕቅድ ባታወጡላቸው ይሻላል። የቆዩ ካርታዎች፣ ያገለገሉ የሸክላ ሙዚቃዎች፣ የድሮ ሰዓቶች የሚሸጡባቸው ቤቶች ብዙውን ጊዜ በጎን መንገድ ላይ ስለሆኑ በእግር ለሚሄድ ሰው በራሳቸው ይገኛሉ። የመክፈቻ ሰዓታቸው ግን አይታመንም፤ ሰኞ ዕለት የሚዘጉም ብዙ ናቸው።

ስለ ጓዝ አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፍ ስለሚከብድ ሻጩ በፖስታ ይልክ እንደሆነ ጠይቁ። የቢራ ጠርሙስ ከ100 ሚሊ ሊትር ስለሚበልጥ በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች በእጅ ሻንጣ በፍተሻ አያልፍም፤ በልብስ ጠቅልላችሁ በሚጫነው ሻንጣ መካከል አስቀምጡት፤ መጻሕፍቱንም ከእሱ ጋር አንድ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ።