ታሪክ እያጠናሁ ወደ አንጎል ሳይንስ መግባት እችላለሁ?

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሜሪካ፣ አንዲት ትንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ፣ ሁለተኛ ዓመት ነሽ። ሜጀርሽ ታሪክ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ስለ አንጎል አንድ ኮርስ ወሰድሽና ልብሽ እዚያው ቀረ። አባትሽ ደግሞ «ታሪክ ተምረሽ ምን ልትበዪ ነው? ነርሲንግ ያዢ» ይሉሻል። «ሁለት ዓመት አቃጠልኩ ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አላቃጠልሽም። ስለ አንጎል ተመራማሪው ኤሪክ ካንደል ልንገርሽ።

እ.ኤ.አ. በ1929 ቪየና የተወለደ አይሁዳዊ ነው። 9 ዓመት ሲሞላው በሪሞት የምትሄድ ሰማያዊ መኪና ተሰጠችው። ከሁለት ቀን በኋላ ናዚዎች ቤተሰቡን ከቤቱ አባረሩ። ከቀናት በኋላ ሲመለሱ ቤቱ ተዘርፏል። መኪናዋም የለችም። በ1939 ኒውዮርክ ገባ። ሃርቫርድ ያጠናው ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉም የጀርመን ጸሐፊዎች ለናዚዎች ስለነበራቸው አቋም ነበር። ስለ ትውስታ የመመራመር ፍላጎቱን ራሱ ከዚያ ከቪየናው ዓመት ጋር ያያይዘዋል።

ኬሚስትሪን በሰመር ወሰደ፣ ሕክምና ተማረ፣ ከዚያ አፕሊዥያ የምትባል የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ምርምር ጀመረ። የነርቭ ሴሎቿ 20,000 ገደማ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በዓይን የሚታዩ ትላልቅ ናቸው። ያገኘውም ይህን ነው፤ ለአጭር ጊዜ የምናስታውሰው ነገር በሴሎች መካከል ያለውን ግንኙነት ያጠነክራል ወይም ያዳክማል። ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ግን አዲስ ፕሮቲን ይፈልጋል፣ አዲስ ግንኙነትም ያበቅላል። በ2000 ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ።

ኬሚስትሪ እንደሚያስፈራሽ ጽፈሻል። ይህችን ስሚ። ቀንድ አውጣዋን ቀስ ብለው ሲነኳት ስንጥቧን (የምትተነፍስበትን አካል) ትሰበስባለች። ደጋግመው ሲነኳት ምንም እንደማይመጣባት ትማርና መሸሹን ትቀንሳለች። በአንድ ቀን 40 ጊዜ ከነኳት ትምህርቱ አንድ ቀን ያህል ይቆያል። በቀን 10 ጊዜ፣ ለ4 ቀን ከሆነ ግን ለሳምንታት። ቁጥሩ ያው 40 ነው! ስለዚህ ኬሚስትሪን ለፈተና ዋዜማ አታቆዪው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያዢው።

አልዋሽሽም፤ ታሪክ ብቻውን ላብራቶሪ አያስገባሽም። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ስታቲስቲክስ የግድ ናቸው። ሜጀርሽን ግን አትጣዪ። ሁለት ምስክሮች ሲጋጩ የትኛውን ልመን ብሎ መመርመር ለምደሻል። የምርምር ጽሑፍ ስታነቢ የሚያስፈልግሽም ይኸው ነው።

ለአባትሽ የገንዘቡን ነገር በግልጽ ንገሪያቸው። አሜሪካ ውስጥ የኒውሮሳይንስ (የአንጎል ሳይንስ) ፒኤችዲ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያው ተሸፍኖ የኑሮ ድጎማ ይሰጥበታል። ግን አምስት፣ ስድስት ዓመት ይፈጃል። እሱንም አትደብቂያቸው።

አሁን የአንጎሉን ኮርስ ያስተማረሽ ፕሮፌሰር ጋ በኦፊስ አወር ሂጂ። «ላብራቶሪዎ ውስጥ በሳምንት ጥቂት ሰዓት መሥራት እፈልጋለሁ» በይ። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ካለሽ አርኢዩ ስለሚባለው የሰመር ምርምር ፕሮግራምም ጠይቂ፤ ይከፈልበታል። ማመልከቻውን ስትጽፊ ረቂቁን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።