በርሜሉን ፈትቼ በገጠምኩ ቁጥር ዜሮው ይሄዳል፣ አዲሱን ልግዛ ወይ?

ዜሮ ማለት ጠመንጃው ያነጣጠርክበት ቦታ ላይ እንዲመታ ስኮፑ፣ ማለትም የማነጣጠሪያ መነጽሩ፣ የተስተካከለበት ልክ ነው። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ሁለት በርሜል ያለው የአደን ጠመንጃ አለኝ፣ አንዱ ለ308 አንዱ ለ6.5 ክሪድሙር ጥይት። ለጉዞ ስኮፑንም በርሜሉንም ፈትቼ ሻንጣ ውስጥ እከተዋለሁ፣ በደንብ አጥብቄ መልሼ ስገጥመው ያው በርሜል ሆኖ እያለ በ100 ሜትር አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ላይ እስከ 12 ሴንቲ ይሄድብኛል። ላስቬጋስ ሾት ሾው (የጠመንጃ ኤግዚቢሽን) ላይ የቀረበ አዲስ ሞጁላር (ክፍሎቹ የሚቀያየሩ) ጠመንጃ በቪዲዮ አየሁ፣ ሰውየው በርሜሉን በደቂቃ ቀይሮ ዜሮው ንቅንቅ አይልም ይላል። የኔን ሽጬ እሱን ልግዛ?»

ኧረ ቆይ ወንድሜ፣ አትሽጥ። እዛ አዳራሽ ውስጥ የሚደረደሩት ጠመንጃዎች ጥይቱን የሚመታው መርፌያቸው ወጥቶ ነው የሚገቡት፣ እዛ ውስጥ የሚተኩስ የለም። ስለዚ ሰውየው ያሳየህ በርሜሉ ቶሎ እንደሚወጣ ነው እንጂ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ አይደለም። በርሜል ቶሎ መንቀሉ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፣ የኦስትሪያው ስቴየር አውግ ጠመንጃ በርሜሉ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ በሰከንድ ነው የሚነቀለው።

አሁን ወደ 12 ሴንቲህ። ብዙ ይመስላል አይደል? ስኮፑን የያዙት ሁለት ቀለበቶች በ10 ሴንቲ ተራርቀው ከተቀመጡ የኋለኛው በ0.12 ሚሊሜትር ብቻ ከፍ ሲል ጥይቱ በ100 ሜትር 12 ሴንቲ ወደ ላይ ይወጣል። የአንድ ወፍራም ጸጉር ውፍረት ማለት ነው! ከጨርቅ የቀረ ክር፣ የደረቀ ግራሶ፣ የባሩድ ጥላሸት፣ አንዷ ትበቃለች። በርሜሉ የሚቀመጥበት ቦታም እንደዛው ነው፣ ስለዚ ሁለቱንም መቀመጫ በንጹህ ጨርቅ ጠርገህ በጣትህ ዳስሰው፣ አይንህ ያላየውን ጣትህ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ብሎኑ ነው። «በደንብ አጥብቄ» ብለህ ጽፈሃል፣ እኔ ጋ የሚመጣው ሁሉ እንደዛ ነው የሚለው፣ ግን ዛሬ ያጠበቅከው እጅ ከትናንቱ እኩል አያጠብቅም። ቶርክ ሬንች (የምታጠብቅበትን ኃይል የሚለካ መፍቻ) ግዛና በመመሪያው ላይ በተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ በአንድ አይነት ቅደም ተከተል አጥብቅ። የብሎኑ ጥርስ ላይ ዘይት ካለ ደግሞ በዛው ቶርክ የበለጠ ይጨብጣል፣ ስለዚ አንዴ ደረቅ አንዴ ዘይት የነካው ከሆነ ቶርክ ሬንቹም አያድንህም። ስኮፑን ስትመልስ ከድሮዋ ሽንቁር ሳትለውጥ ወደ አፈሙዙ በኩል ገፍተህ ይዘህ አጥብቅ፣ ምክንያቱም ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ ነው የሚሸሸው፣ ክፍተት ካለ ስኮፑ ወደ ፊት ይንሸራተታል።

የቱ እንደሆነ ለመለየት ሁለቱን አንድ ላይ አትፍታ። 5 ጥይት ተኩስ፣ በርሜሉን ብቻ አውጥተህ መልስ፣ ሌላ 5 ተኩስ፣ ሶስት ጊዜ ደጋግመው። ቀጥሎ በርሜሉን ሳትነካ ስኮፑን ብቻ እንደዛው አድርግ። በ3 ጥይት እንዳትፈርድ፣ 3 ጥይት ይዋሻል። እኔ ከጠየቅከኝ ጥርጣሬዬ ስኮፑ ላይ ነው፣ እና ሻንጣው በርሜሉ ወጥቶ ጠመንጃውን ከነስኮፑ የሚይዝ ከሆነ ለምን ትፈታዋለህ?

በ308ና በ6.5 መሃል ያለው ልዩነት ግን ጥፋት አይደለም፣ በርሜል ሲለወጥ ዜሮው ይለወጣል በቃ። ስኮፑ በሪሲቨሩ (በርሜሉ በሚገጠምበት የጠመንጃው አካል) ላይ ከሆነ ለእያንዳንዱ በርሜል ስንት ክሊክ (የስኮፑ ማስተካከያ አንድ እርምጃ) እንደሚያስፈልግ ጽፈህ ሰደፉ ላይ ለጥፍ (ስኮፕህ ላይ 0.1 ሚል ተብሎ ከተጻፈ አንዱ ክሊክ በ100 ሜትር 1 ሴንቲ ነው)። እንደ ብላዘር አር 8 ባሉት ጠመንጃዎች ላይ ስኮፑ በራሱ በበርሜሉ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ያ በጣም ደስ ይላል ግን ለእያንዳንዱ በርሜል የራሱን ስኮፕ ካልገዛህ ጥቅሙ ግማሽ ነው። አዲሱን ጠመንጃ ማየትህ ካልቀረ መጀመሪያ ይሄን ጠይቅ፣ ስኮፑ የሚቀመጠው የት ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን አይሆንም፣ ሁለት አይነት ጥይት ጠረጴዛው ላይ አንድ ላይ አታስቀምጥ። የ223ና የ300 ብላክአውት ጥይት በርሜል የሚቀያይሩ ሰዎች አንድ ካዝና ነው የሚጠቀሙት፣ የ300ው ጥይት በ223 በርሜል ውስጥ ከገባና ከተተኮሰ ወፍራሙ እርሳስ ጠባቡ በርሜል ውስጥ ተሰንቅሮ ጠመንጃው ይፈነዳል፣ ይሄ በተደጋጋሚ የደረሰ ነው። ካዝናህን በቀለም ለይ፣ በርሜል ስትቀይር የድሮውን ጥይት በሙሉ ከአካባቢው አንሳ።

ይሄን ሁሉ አድርገህ በርሜሉ ብቻ ሲወጣና ሲገባ አሁንም የሚሄድ ከሆነ መቀመጫው ተበልቷል ወይ የማጥበቂያው ብሎን ተስቧል ማለት ነው፣ ያኔ አትተኩስበት፣ ባለሙያ ጋ ወስደህ ይለካልህ።