ስለ ሽታ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ይኸው መልሱ

ስለ ሽታ ያላችሁን ጥያቄ ላኩ ባልኩት መሠረት ብዙ ደርሶኛል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ቡና ሲቆላ ከጎረቤት ድረስ ይሸተኛል። አፍንጫዬ ቡና መሆኑን በምን ያውቃል?

መልስ፦ ቡናው ሲግል በመቶዎች የሚቆጠሩ የሞለኪውል ዓይነቶች ይተናሉ። ከአፍንጫችን ውስጥ ላይኛው ጫፍ እርጥብ ስስ ሽፋን አለ። እዚያ ያሉት የነርቭ ሴሎች ሞለኪውል የሚይዙ ፕሮቲኖች አሏቸው፤ ተቀባይ ይባላሉ። ሰው ወደ 400 የሚጠጋ ዓይነት ተቀባይ አለው። ሁሌም የሚደንቀኝ ግን የቡና የሚባል ተቀባይ አለመኖሩ ነው። አንዱ ሞለኪውል ብዙ ተቀባዮችን ይነካል፤ አንዱም ተቀባይ ለብዙ ሞለኪውሎች ይነቃል። አእምሮ የሚለየው የትኞቹ አብረው እንደነቁ አይቶ ነው። በጥቂት የክራር አውታሮች ስንት ዜማ እንደሚወጣ አስቡት። የተቀባዮቹን ጂኖች እ.ኤ.አ. በ1991 ያገኙት ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል በ2004 ኖቤል ተሸልመውበታል።

ጥያቄ፦ ሰው ቤት ስገባ የሸተተኝ ነገር ትንሽ ቆይቶ ይጠፋኛል። ጤነኛ ነኝ?

መልስ፦ ጤነኛ ነሽ እህቴ። ሴሎቹ ለተደጋገመ ሽታ ምላሻቸውን ይቀንሳሉ፤ አእምሮም ያልተለወጠ ነገር ላይ ትኩረት አያደርግም። ስለዚህ ቡታጋዝ ሸቶሽ ከነበረ፣ ሽታው ስለጠፋሽ ብቻ እንዳትረጋጊ። ያ የሚሰነፍጥ ሽታ እኮ የጋዙ አይደለም፤ ሲያፈስ እንዲታወቅ ተብሎ የሚጨመር የሰልፈር ውህድ ነው።

ጥያቄ፦ የወባ ትንኝ የዶሮ ሽታ ትሸሻለች የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ያውም እዚሁ አገራችን የተጠና። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱን አውጥተዋል። ሰው አጎበር ውስጥ ይተኛል፤ አጠገቡ የትንኝ ወጥመድ ይቀመጣል። ወጥመዱ ጋ የዶሮ ሽታ ወይም በሽቦ ሳጥን ያለች ዶሮ ሲኖር የሚያዘው ትንኝ ቀነሰ። ትንኟ በአንቴናዋ አሽትታ ነው የምትመርጠው። አጎበሩን ግን እንዳትተዉ፣ አደራ።

ጥያቄ፦ አይጥ ቲቢ ታሸታለች ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ አዎ። አፖፖ የተባለው ድርጅት ታንዛኒያ ውስጥ ትላልቅ የአፍሪካ አይጦችን ያሠለጥናል። የታማሚ አክታም፣ የተቀበረ ፈንጂም ለይተው ያሸታሉ።

ጥያቄ፦ ማሽንስ እንዴት ያሸታል?

መልስ፦ በብዛት የሚሠራበት ሴንሰር (ጋዝ መኖሩን የሚያውቅ መሣሪያ) የጋለ ቲን ኦክሳይድ፣ ማለትም የቆርቆሮና የኦክስጅን ውህድ ነው። ንጹህ አየር ላይ ኦክስጅን ይጣበቅበትና ኤሌክትሪክ የሚሸከሙትን ኤሌክትሮኖች ይይዝበታል። ተቀጣጣይ ጋዝ ሲመጣ ከኦክስጅኑ ጋር ይዋሃዳል፤ ኤሌክትሮኖቹ ይለቀቃሉ፤ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያልፋል። አንድ ሴንሰር ብቻውን የትኛው ጋዝ እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ የተለያዩ ሴንሰሮች ይደረደራሉ፤ ኮምፒውተሩ የሁሉንም ምላሽ አንድ ላይ ያነባል። ልክ እንደ አፍንጫችን ማለት ነው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1982 ከእንግሊዙ ዋርዊክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው።

ጥያቄ፦ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱም ሽታውም ከወጣለት በኋላ ቤት ባስገባው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ በጣም! ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ለእሱ የሚሆን ተቀባይ አፍንጫችን ውስጥ የለም፤ የሚያውቀው ማሽን ብቻ ነው። የጠራ ፍምም ያወጣዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ሲጀምር ቶሎ ወደ ውጭ ውጡ፤ ሌላውንም አውጡ፤ ከዚያ ወደ ሕክምና። ማንቂያ መሣሪያ መግዛት የምትችሉ ግዙ። የማትችሉ ደግሞ ከሰሉን ውጭ አድርጉት፤ ከሰል ባለበት ቤት በፍጹም አትተኙ።