ሳንሪኩን በ3 ቀን ለማየት ላሰባችሁ፦ ሁሉንም አትሩጡት፣ ሚያኮ ላይ እረፉ

እህቴ ጥያቄሽን አነበብኩት። ሐምሌ ላይ ከባለቤትሽ ጋር ከዋሽንግተን ቶኪዮ ትመጣላችሁ፣ ከዛ 3 ቀን አውጥታችሁ በሰሜን ምስራቅ ጃፓን ከሰንዳይ እስከ ሃቺኖሄ ያለውን የሳንሪኩን ባህር ዳርቻ በሙሉ በመኪና ልትዞሩት አስባችኋል፣ ገደሉንም ለማየት አሳውንም ለመብላት። ባለቤትሽ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባህር ነገር አይበላም፣ ጥሬ አሳም አይፈልግም፣ እና ያን ሁሉ መንገድ መሄዱ ያዋጣል ወይ ነው ያልሽው። በደንብ ያዋጣል። ግን በዚህ እቅድ አይደለም። ሞሪዮካ ከተማ ስማር ትንሽ ክፍት ጊዜ ካገኘሁ የምሄደው ወደዛ ባህር ስለነበረ አካባቢውን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ የመኪናው ነገር። ከሰንዳይ እስከ ሃቺኖሄ የሚወስደው አዲሱ ፈጣን መንገድ በ2021 (በፈረንጆቹ) ነው ሙሉ በሙሉ ያለቀው፣ ወደ 359 ኪሎ ሜትር ነው፣ አብዛኛው ክፍሉም አይከፈልበትም፣ ሲታይ ያጓጓል። ችግሩ መንገዱ ሱናሚ እንዳያገኘው ተብሎ ከባህሩ ከፍና ራቅ ተደርጎ ተራራውን እየበሳ ነው የሄደው። ከቶነል ወጥተሽ ቶነል ትገቢያለሽ፣ በመሀል ባህሩ ብልጭ ይላል ይጠፋል። 3 ቀን ሙሉ ነድታችሁ የምታዩት ግድግዳ ነው ማለት ነው። ባህሩን ለማየት ከመንገዱ እየወጣችሁ ወደየመንደሩ መውረድ አለባችሁ፣ እሱ ደሞ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሰዓት ይበላል። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፣ የደቡቡን ክፍል ለሌላ ጊዜ ተዉት፣ ሚያኮ የምትባለው ከተማ ላይ 2 ሌሊት እደሩ፣ በመጨረሻው ቀን ወደ ሰሜን በባቡር ወጥታችሁ በሃቺኖሄ በኩል ቶኪዮ ግቡ።

ለምን ሚያኮ ካልሽኝ፣ የባህሩ ዳርቻ መልክ የሚለወጠው እዛ አካባቢ ነው። ከሚያኮ ወደ ደቡብ ያለው የድሮ ሸለቆ ውስጥ ባህር ገብቶበት የተቆራረጠ ነው፣ ጠባብ ጠባብና ጥልቅ የባህር ሰርጥ የበዛበት፣ ውሃው የተረጋጋ ስለሆነ ኦይስተርና ስካሎፕ የሚባሉትን ባለ ዛጎል የባህር ምግቦች የሚያረቡት እዛ ነው። ወደ ሰሜን ደሞ መሬቱ ወደ ላይ የተነሳበት ነው፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ገደል። ሚያኮ ላይ ከሆናችሁ ሁለቱንም ታያላችሁ። አካሄዱ ከቶኪዮ ሞሪዮካ ሃያቡሳ በሚባለው ሽንካንሰን (ፈጣን ባቡር) ከ2 ሰዓት ትንሽ በላይ ነው (ሃያቡሳ ላይ ቦታ ሳይያዝ አይገባም፣ ቀድማችሁ ቡክ አድርጉ)፣ ከሞሪዮካ ጣቢያ በአውቶብስ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሚያኮ ትደርሳላችሁ። ባቡርም አለ ግን በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚሄደው፣ አውቶብሱ ይሻላል።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ጆዶጋሃማ የሚባለው የባህር ዳርቻ ሂዱ፣ ከሚያኮ ጣቢያ በከተማ አውቶብስ ቅርብ ነው። ነጭ ሹል ሹል አለት ከባህሩ ተሰልፎ ቆሞ፣ አለቱ አናት ላይ ጥድ በቅሎበት፣ በውስጥ በኩል ያለው ውሃ ደሞ ከመርጋቱ የተነሳ ከስሩ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። ፎቶው ላይ የምታዩት ይሄን ነው። እኔ ግን የማይቀር የምለው ሳፓ የሚሏትን ትንሽ የአሳ አጥማጅ ጀልባ ነው። ሄልሜትና ላይፍ ጃኬት ያስለብሷችኋል፣ ካፒቴኑ ሞተሩን ቀስ አድርጎ በጠባብ ቀዳዳ አለቱ ውስጥ ወዳለው ዋሻ ያስገባችኋል፣ ጣሪያው ዝቅ ስለሚል ጎንበስ ማለት አለ፣ ከዛ ዞር ብላችሁ ወደ መግቢያው ስታዩ ብርሃኑ በውሃው ስር አልፎ ስለሚመጣ ውሃው ሰማያዊ አንዳንዴም አረንጓዴ ሆኖ ከታች ያበራል። ሁሉ ነገር 20 ደቂቃ አካባቢ ነው። ማዕበል ካለ ግን ዋሻው ውስጥ አይገቡም ወይ ጭራሽ ይሰርዙታል፣ ለዛ ነው 2 ሌሊት ያልኩሽ፣ አንዱ ቀን ቢበላሽ በማግስቱ ጠዋት ትሞክራላችሁ። በአንድ ቀን ደርሰው ሲመለሱ ጀልባው ተሰርዞባቸው አዝነው የሄዱ ሰዎች አውቃለሁ።

ሁለተኛው ቀን ኪታያማዛኪ የሚባለው የባህር ገደል። ገደሉ 200 ሜትር ገደማ ነው፣ እንደዛ ሆኖ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀጥላል። ከሚያኮ በሳንሪኩ ባቡር ታኖሃታ ጣቢያ ትወርዳላችሁ፣ ከጣቢያው ገደሉ ድረስ ታክሲ ነው የሚያስፈልጋችሁ፣ ማረፊያችሁ እንዲደውልላችሁ ጠይቁ። መኪና ይሻለናል ካላችሁ ለዚህ ቀን ብቻ ሚያኮ ላይ ተከራዩ፣ ከአሜሪካ ኢንተርናሽናል መንጃ ፈቃዱን አውጥታችሁ ኑ፣ እዚህ የሚነዳው በግራ መሆኑን አትርሱ። ከላይ ከማያው ሆናችሁ ካያችሁ በኋላ ጉልበት ካላችሁ ደረጃውን ወደ ባህሩ ውረዱ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ደረጃ ነው፣ መመለሻው ያደክማል ግን የገደሉ ቁመት የሚገባሽ ከታች ቀና ስትይ ነው። ታኖሃታም በሳፓ ጀልባ ገደሉ ስር የሚያዞሩ አሳ አጥማጆች አሉ፣ ቀድሞ መያዝ የግድ ነው።

አሁን ጭጋጉን ልንገርሽ፣ ይሄን ብዙ ሰው አይናገርም። በጃፓን በጋ መጀመሪያ፣ ሰኔና ሐምሌ ማለት ነው፣ ከሰሜን ምስራቅ ከባህሩ ቀዝቃዛ ንፋስ ይነፍሳል፣ ቶኪዮ ሙቀቱ እያፈናችሁ እዛ ጃኬት ትፈልጋላችሁ፣ ጭጋጉም ገደሉን ሙሉ ለሙሉ ሊሸፍነው ይችላል። ዝናቡም ብዙ ጊዜ እስከ ሐምሌ አጋማሽ በኛ አቆጣጠር ይቆያል። እና ቀኑን መምረጥ ከቻላችሁ ዘግየት ብላችሁ ኑ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ በዛ መሀል ያለው ጊዜ ለእናንተ ልክ ነው፣ ከዛ መሀልም የሐምሌ መጨረሻው ሳምንት ይሻላል። ረቡዕና አርብን አስባችሁ ደሞ የምትበሉበትን ቀን አመቻቹ፣ ለምሳሌ ሐሙስ ደርሳችሁ ቅዳሜ ብትመለሱ አንድ የጾም ቀን ብቻ ነው የሚገጥማችሁ፣ እሱን የኪታያማዛኪ ቀን አድርጉት።

ምግቡ ጋ ስንመጣ፣ አሳው የሚጣፍጠው በምክንያት ነው። ከሰሜን የሚመጣው ቀዝቃዛ የባህር ሞገድና ከደቡብ የሚመጣው ሞቃቱ የሚገናኙት ከሳንሪኩ ፊት ለፊት ነው፣ ለአሳው የሚሆነው ምግብ ስለሚበዛ አሳው ይሰበሰባል፣ ይወፍራል። አንቺ ሁሉንም የምትበይ ከሆነ ሐምሌ የኡኒ ወቅት ነው፣ ያ እሾሃማው የባህር ፍጥረት። ከተማ ውስጥ የሚሸጠው ቅርጹን እንዲይዝ አለም (alum) የሚባል ጨው ስለሚገባበት አንዳንዴ ይመራል፣ እዛ ግን በባህር ውሃ ብቻ በወተት ጠርሙስ አድርገው ይሸጡታል፣ ምሬት የሚባል የለውም፣ ኡኒ አልወድም የሚል ሰው ራሱ እዛ ቀምሶ ሀሳቡን ይቀይራል። ሚያኮ ላይ ደሞ ቢንዶን አለ፣ በጠርሙስ ውስጥ የባህር ምግቡ በየቀለሙ ተደርድሮ ይመጣልሻል፣ ኡኒው፣ የሳልመን እንቁላሉ፣ ስካሎፑ፣ የባህር አረሙ፣ ትኩስ ሩዝ ላይ በማንኪያ እየጎረጎርሽ ታፈሺዋለሽ፣ የጠርሙሱ ቅዝቃዜና የሩዙ ሙቀት አንድ ላይ አፍሽ ውስጥ ይገባል። ምግብ ቤቱ ሁሉ የየራሱ አለው።

ባለቤትሽ አይራብም፣ አታስቢ። ለሱ ያኪዛካና ቴይሾኩ እዘዙ፣ በጨው የተጠበሰ አሳ ከሩዝ፣ ከሾርባና ከአትክልት ጋር ማለት ነው፣ ቆዳው እስኪሰነጠቅ ጠብሰው ከተፈጨ ነጭ ፍጅል ጋር ያመጡለታል፣ ሎሚ ቢጤ ካለበት ደሞ በቃ። ሚያኮ ባህሩ ላይ የምታረባው ትራውት ሳልመን አለ፣ በዱር ያለው ሳልመን በቅርብ አመታት በጣም ስለቀነሰባቸው የጀመሩት ነው፣ በፈረንጆቹ እስከ ጁላይ ድረስ ይገኛል። የሚጠነቀቀው ለተደበቀው ነገር ነው። ቻዋንሙሺ የሚሉት የእንቁላል ምግብ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሽሪምፕ ይገባል፣ ቴምፑራ (በሊጥ ተነክሮ በዘይት የሚጠበሰው) ደሞ የአሳ ቢሆን እንኳ ብዙ ጊዜ ሽሪምፕ በተጠበሰበት ዘይት ነው የሚጠበሰው፣ ሚሶ ሾርባ ውስጥ ትንንሽ ዛጎል ሊኖር ይችላል። ራት የሚያቀርብ ማረፊያ ከያዛችሁ ቡክ ስታደርጉ ጻፉላቸው፣ እዛ ደርሳችሁ ብትነግሯቸው የሚቀይሩት ነገር ስለማይኖራቸው እነሱም ይጨነቃሉ። "ኤቢ፣ ካኒ፣ ካይ፣ ኢካ፣ ታኮ፣ ኡኒ ታቤማሴን" ይበል፣ ሽሪምፕ፣ ሸርጣን፣ ዛጎል፣ ስኩዊድ፣ ኦክቶፐስ፣ ኡኒ አልበላም ነው። ይሄን የምታነቡ ሙስሊም ወንድምና እህቶች ደሞ አሳው ራሱ ችግር የለውም፣ ማጣፈጫው ነው፣ ሳኬና ሚሪን የሚባሉ አልኮል ያለባቸው ነገሮች ድስት ውስጥ ይገባሉ፣ በጨው ብቻ ይጠበስልኝ በሉ። ሌላው፣ ትንንሾቹ ምግብ ቤቶች ካርድ አይቀበሉም፣ ካሽ ያዙ፣ ማታም ቶሎ ይዘጋሉ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል (በነሱ 6:30) በኋላ ራት ፍለጋ አትውጡ።

ሌላ አደራ የምልሽ ነገር አለ። ይሄ ባህር በ1896 በሱናሚ ወደ 22,000 ሰው የወሰደ ነው፣ በ1933 ተመለሰ፣ በ2011 ደሞ አለም ሁሉ ያየው ሆነ። ታሮ የምትባለው የሚያኮ ሰፈር 10 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ነበራት፣ ማዕበሉ ዘሎት ገባ። እዛ ከታች ሁለቱ ፎቅ ብረቱ ብቻ የቀረ ሆቴል ሳያፈርሱ አቆይተውታል፣ አስጎብኚ ቀድማችሁ ከያዛችሁ ላይኛው ፎቅ ወስደው ከዛው ሆቴል የተቀረጸውን ቪዲዮ ያሳዩአችኋል፣ ቪዲዮው ሌላ ቦታ አይታይም። ከባድ ነው፣ ግን እዩት። ወደ ሰሜን ስትሄዱ ደሞ ፉዳይ የምትባል መንደር አለች፣ የድሮው ከንቲባ ኮቶኩ ዋሙራ 15.5 ሜትር የውሃ በር ካልተሰራ ብሎ ድርቅ አለ፣ ለትንሽ መንደር ይሄ ሁሉ ገንዘብ ምን ይሰራል እያሉት በ1984 አስጨረሰው። ሰውየው በ1997 ሞተ፣ በ2011 ማዕበሉ ሲመጣ በሩ መንደሩን አዳነው። ይሄን ሳያውቁ ያን ኮንክሪት ሲያዩ "ቪውን አበላሸው" የሚሉ ቱሪስቶች ሰምቼ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

ለእናንተም በተግባር፣ ባህሩ አጠገብ ሆናችሁ ረዘም ያለ ወይ ጠንከር ያለ መንቀጥቀጥ ከተሰማችሁ ማስታወቂያ አትጠብቁ፣ እቃ አትሰብስቡ፣ ወደ ከፍታ ሩጡ። እዛ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት ማንንም ሳትጠብቁ እያንዳንዳችሁ ሩጡ ብለው ነው። በየመንገዱ ማዕበሉ እስከየት እንደሚደርስ የሚያሳይ ምልክት አለ፣ የመሸሻው ደረጃ የት እንደሆነ ገና ስትደርሱ አይታችሁ ያዙ።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ከሚያኮ ወደ ኩጂ በሳንሪኩ ባቡር ተሳፈሩ፣ የጄአር (የጃፓን ትልቁ የባቡር ድርጅት) ስላልሆነ የጄአር ፓስ ቢኖራችሁም ቲኬቱ ለብቻው ነው። በቀኝ በኩል ተቀመጡ፣ ባህሩ በዛ በኩል ነው። ቶነል ይበዛዋል እሱም፣ ግን ሆሪናይ ጣቢያ አካባቢ ከፍ ያሉ ድልድዮች ላይ ሲደርስ ሹፌሩ ሆን ብሎ ቀስ ይላል አንዳንዴም ያቆመዋል፣ ከስራችሁ ባህሩ ብቻ ነው። ኩጂ ላይ ወደ ሃቺኖሄ የሚሄደውን የጄአር መስመር ያዙ፣ ባቡሮቹ ስለሚራራቁ ሰዓቱን ከማታው ጉግል ላይ እዩት። ሃቺኖሄ ስትደርሱ ቶሎ ሽንካንሰን ውስጥ አትግቡ፣ ከጣቢያው በአውቶብስ ቅርብ የሆነ ሃሾኩ ሴንተር የሚባል ትልቅ የአሳ ገበያ አለ (ረቡዕ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው)፣ የፈለጋችሁትን አሳ ከየሱቁ ትገዙና እዛው ከሰል ላይ ራሳችሁ ትጠብሳላችሁ። ለባለቤትሽ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፣ ቅርፊቱን በአይኑ አይቶ፣ ሙሉ አሳውን መርጦ፣ በራሱ እጅ በጨው ብቻ ጠብሶ ይበላል። ዋሳቢ ካቀረቡላችሁ በጥቂቱ ጀምሩ፣ ሰናፍጭን የሚያስንቅ ነው። ከሃቺኖሄ ቶኪዮ 3 ሰዓት ገደማ ነው፣ ማታ ትገባላችሁ።

ቀኑን ስትቆርጡ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ለማረፊያው የሚላከውን የምግብ ማሳሰቢያ በጃፓንኛ ጽፌ እልክልሻለሁ።