ኪቱ «ወባ የለም» ሲል

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ዘመድ ጥየቃ መተማ ደርሼ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲለኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ በፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ኪት አይተው «ወባ የለም» አሉኝ። ትኩሳቱ ግን አለቀቀኝም። እንደገና ደም ስጥ ብለውኛል። ይህ ሁሉ መመላለስ ያስፈልጋል?

መልስ፦ በጣም ያስፈልጋል። እንዲያውም ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይመለሱ፤ ከወባ ዝርያዎች አደገኛው የሆነው የፋልሲፓረም ወባ በአንድ ቀን ውስጥ ሊከፋ ይችላል።

አብዛኛው ኪት የሚፈልገው የፋልሲፓረም ተህዋሲ የሚያመነጨውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። በኤርትራና በኢትዮጵያ ግን ፕሮቲኑን የሚሠራው ጂን የጎደላቸው ተህዋስያን ተገኝተዋል። በእነዚህ የተያዘ ሰው ደሙ ተህዋሲ ሞልቶትም ኪቱ ላይ ወባ መኖሩን የሚያሳየው መስመር ላይወጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ሰበብ የሚያመልጡት ሕሙማን ከ5 በመቶ ሲበልጡ ኪቱ እንዲቀየር የሚመክረው ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2007 የተፈቀደው ባይናክስናው የተባለው ኪት የወባ ዝርያዎች ሁሉ የሚጋሩትን አልዶሌዝ የሚያሳይ ሁለተኛ መስመር አለው፤ ተህዋስያኑ ጥቂት ሲሆኑ ግን ያ መስመርም ያመልጠዋል። ስለዚህ ለሐኪምዎ «አፍሪካ ነበርኩ» ብቻ አይበሉ፤ ኢትዮጵያ፣ መተማ መሆኑን፣ የሄዱበትንና የተመለሱበትን ቀን፣ የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ ይንገሩ። ለመከላከያ የዋጡት ክኒን የተህዋሲውን ቁጥር ቀንሶ ከምርመራ ሊሰውረው ይችላል።

ወሳኙ ምርመራ በማይክሮስኮፕ የሚታየው የደም ስላይድ ነው። የመጀመሪያው ነጻ ከሆነ በየ12 እስከ 24 ሰዓቱ እየተደገመ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ መታየት አለበት። ምክንያቱም የበሰሉት የፋልሲፓረም ተህዋስያን በውስጥ አካላት ደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጣበቃሉ፤ ከጣት ወይም ከክንድ በተቀዳ ደም ውስጥ የሚገኙት በአብዛኛው ለጋዎቹ ናቸው፣ ቁጥራቸውም ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል። ትኩሳቱ እስኪነሣ መጠበቅ አያስፈልግም። ውጤቱም በሰዓታት ውስጥ መድረስ አለበት፤ ፒሲአር (የተህዋሲውን ዘረመል የሚፈልገው ምርመራ) ዝርያን ለማረጋገጥ ይጠቅማል እንጂ እሱን እየጠበቁ ሕክምና ማዘግየት አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ በአንድ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ለወባ ምርመራ ስላይድ ላይ የማደርገው ወፍራሙ የደም ጠብታ ሲቀለም ይላጥብኛል፤ ሲተርፍም በቀለም ዝቃጭ ይሸፈናል።

መልስ፦ የሚላጠው በብዛት ስላይዱ ቅባት ሲኖረው፣ ደሙ ሲበዛ ወይም ሳይደርቅ ሲቀለም ነው። ለወፍራሙ 6 ማይክሮሊትር፣ ስስ ሆኖ ለሚዘረጋው ለቀጭኑ 2 ማይክሮሊትር ይበቃል። ወፍራሙን 1 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ባለው ክብ ይዘርጉት፤ ከሥሩ ጋዜጣ ቢያደርጉ ፊደሉ ለጥቂት መነበብ አለበት። በጠፍጣፋ ቦታ ያለ ሙቀት ይድረቅ። ሙቀት ወይም ሜታኖል ከነካው ቀይ የደም ሴሎቹ አይፈርሱም፣ ተህዋሲውም አይታይም። ሜታኖል ለቀጭኑ ብቻ ነው፤ ሲነክሩ ትነቱ እንኳ ወፍራሙን እንዳያገኘው ይጠንቀቁ።

10 በመቶ ጊምዛ (የደም ስላይድ ማቅለሚያ) ለ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ወይም 3 በመቶ ለ30 እስከ 45 ደቂቃ ይጠቀሙ። ጊምዛውን ያጣሩ፣ ፒኤች (የአሲድነት ልኬት) 7.2 በሆነ በፈር (ፒኤችን በማይለዋወጥ ልክ የሚይዝ ፈሳሽ) በዕለቱ ይበጥብጡ። ዝቃጩን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ አጣጠቡ ነው፦ ቀለሙን ከመድፋት ይልቅ በፈሩን ከስላይዱ ጠርዝ በቀስታ እያፈሰሱ ግርዱ ተንሳፍፎ እንዲወጣ ያድርጉ። ውኃው አሲድነት ካለው ቫይቫክስ የተባለውን የወባ ዝርያ የሚለዩበት፣ በተያዙት ቀይ የደም ሴሎች ላይ የሚታየው የሹፍነር ነጠብጣብ ይጠፋል። ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር) ባለው ቱቦ ውስጥ የቆየ ደምም እንዲሁ ያሳስታል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስላይድ ላይ ያውሉት።

በ100 ኦብጀክቲቭ (የማይክሮስኮፑ ሌንስ) ቢያንስ 100 ፊልድ (በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታይ ክብ) ሳያዩ ነጻ ብለው አይጻፉ። ከተገኘ 200 ነጭ የደም ሴል እስኪሞላ ተህዋሲውን ይቁጠሩና በ40 ያባዙ፤ 50 ቢያገኙ በአንድ ማይክሮሊትር 2,000 ማለት ነው። ይህ ስሌት ነጭ የደም ሴልን በአንድ ማይክሮሊትር 8,000 አድርጎ ይወስዳል፤ የሕመምተኛው ትክክለኛ ቆጠራ ካለ በእሱ ይሥሩ።

ጥያቄ፦ የወባ መድኃኒት ከጨረስኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፤ ኪቱ ግን አሁንም ወባ አለ ይላል።

መልስ፦ ኤችአርፒ2 ተህዋሲው ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል። በኪቱ ብቻ መድኃኒት አይድገሙ፤ በስላይድ ይታይልዎት። ትኩሳት ካለዎት ግን በዚያው ቀን ይታዩ።